የገንዘቤ ልክ

እኛ ሕንጻ ውስጥ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚባል ነገር አይሠራም። የሚሠራው ገንዘቤ ነው። ደንበኛ ገብታ ልክሽ ስንት ነው ስትባል «ገንዘቤ ነኝ» ትላለች። ቀጠን ካለች «ከገንዘቤ ቀነስ ያልኩ»፣ ገና ልጅ እግር ከሆነች «ግማሽ ገንዘቤ»። አንዲት ደልደል ያለች የባንክ ሥራ አስኪያጅ «እኔስ ገንዘቤ ከነቦርሳዋ ነኝ» ብላ ፎቁን በሳቅ አፍርሳዋለች። ወሎ ሰፈር መጥታችሁ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ባለው ባለ መስታወት ሕንጻ ውስጥ ብትጠይቁ ይኼን የማያውቅ የለም። እኔ ማዕዛ እባላለሁ። ከገንዘቤ ልብስ ቤት ቀጥሎ ያለው የሴቶች ጫማ ቤት የኔ ነው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ።

ገንዘቤ ንግድ የጀመረችው በፌስታል ነው። ገርጂ ጎረቤቷ የነበረች ሆስተስ ከዱባይ ልብስ ታመጣላታለች፤ እሷ ደግሞ አንጠልጥላ ቦሌ መንገድ ላይ ያሉትን ቢሮዎች ስትዞር ትውላለች። ጸሐፊዎቹ በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብተው ይለካሉ። ዘበኛ በአንዱ በር ሲያስወጣት በሌላው ትገባለች። ሆስተሷ አግብታ ሥራውን ስትተው ገንዘቤ «እንግዲህ ራሴ ነኛ የምሄደው» ብላ ፓስፖርት አወጣች።

ያኔ ሁሉም ሰው ዱባይ ነበር የሚሄደው። ቆየት ብሎ ባንኮክ ተባለ፣ ከዚያ የቻይናዋ ጓንዡ፣ መሐል ላይ ደግሞ ኢስታንቡል ገባበት። የነጋዴ መንገድ እንደ ወንዝ ነው፣ በየክረምቱ አልጋውን ይቀይራል። ገንዘቤ ግን ሁሌም ከፊተኞቹ ናት። «ዱባይ የምገዛውን ቀሚስ ገልብጬ ሳየው የተሰፋው ቻይና ነው» ትላለች፤ «እናቱ ቤት መሄድ እየቻልኩ አክስቱ ቤት ምን አስቀመጠኝ?» እኔም የዓለም ንግድ የሚሉት ነገር ትንሽ የገባኝ ያን ቀን ነው።

እናቱ ቤት፣ ጓንዡ ስትደርስ ግን ጉድ ገጠማት። ላርጅ የተባለው ክንዷ ላይ ቀረ። ከሁሉ ትልቁን አምጡ ብላ እንደምንም ገብታበት እጇን ብታነሳ ጀርባው ተተርትሮ ለሁለት ሆነ። የሱቁ ባለቤት ሊሊ የምትባል ቀጭን ሴትዮ ናት። የእናት አባቷ ስም ሌላ ነው፤ ሊሊን ያወጣችው ለኛ አፍ እንዲቀል ብላ ነው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ክፈይ ብሎ ያዙኝ ልቀቁኝ ባለ። ሊሊ ሳቀች። ገንዘቤም ሳቀች። ከዚያ ገንዘቤ ዳሌዋን መታ መታ አድርጋ «ሊሊ፣ አዲስ አበባ ማለት ይኼ ነው» አለቻት፣ በአማርኛ። ሊሊም ሜትሯን አወጣች።

ሊሊ ከመለካት አልፋ በስፖንጅና በጨርቅ ጠቅጥቃ የገንዘቤን ቁመና የያዘ አሻንጉሊት አሠራች። ራስ የለው፣ እጅ የለው፣ ደረትና ዳሌ ብቻ። አንገቱ ላይ በቻይንኛ የተጻፈው ገንዘቤ ማለት ነው ይባላል፤ ማን ያረጋግጣል። ከዚያ ወዲህ የሷ ልብስ ሁሉ በዚያ ላይ እየተለካ ይቆረጣል። ወሬው ሲዛመት የናይሮቢና የካምፓላ ሴቶችም እየመጡ «በዚያችኛዋ ስፊልን» ማለት ጀመሩ። የገርጂዋ ልጅ ዳሌ ስንት ባሕር ተሻግሮ የስንቱን አገር ሴት እንዳለበሰ እግዜር ይወቀው። እሷም ትኮራበታለች። «ሰው በዲግሪው ይኮራል፣ እኔ በወርዴ» ስትል ሰምቻታለሁ።

እንዲህ ተከብራ ስትኖር አንድ ዓመት ላይ በጠዋት በእግሯ መሄድ ጀመረች። ቤቷ ሲኤምሲ ነው። ከዚያ ሳሊተ ምሕረት ድረስ በእግሯ ደርሳ፣ ተሳልማ ትመለሳለች። ምነው ስትባል ስእለት አለብኝ አለች። ስእለት ከተባለ ደግሞ ማን ይመረምራል? ማኪያቶ ታዛለች፣ እፊቷ ይቀዘቅዛል። ጾም ተፈትቶ እኛ ቁርጥ ስንከብ እሷ ሰላጣ ትቆነጥራለች። ቀስ በቀስ ጉንጯ ሟሸሸ፣ ጉርዷ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ፣ ቀለበቷ ጣቷ ላይ መሽከርከር ጀመረ። ሁላችንም አየን። ሕንጻው በሙሉ አየ። አንድ የተነፈሰ ሰው ግን የለም።

ለምን ብትሉ፣ እኛ መቼስ እንተዋወቃለን። እኛ አገር ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነው። ከሳሽ ማለት ግን ምን አገኘሽ፣ ምን ደበቅሽን፣ ልትሞቺ ነው ወይ ማለት ነው። ነጋዴ ላይ ሲሆን ይብሳል። ታመመች ከተባለ ደንበኛው ይሸሻል፣ አከራዩ እንኳ ለሱቁ ሌላ ሰው ማፈላለግ ይጀምራል። ስለዚህ ለፍቅር ሲባል ይዋሻል። ከኛ በላይ ፎቅ ላይ የወንዶች ሱፍ የሚሸጠው ተስፉ፣ ቅቤ አንጓቹ ተስፉ፣ በየጠዋቱ በሯ ላይ ይቆምና «ገንዝዬ ተመችቶሻል፣ ምን እየበላሽ ነው እስቲ?» ይላታል። እሷም ፈገግ ትላለች። እኔን በግድግዳው በኩል አንጀቴን ያሳርረኛል።

ራሷስ አይን የላትም ወይ ትሉ ይሆናል። የልብስ ነጋዴ ሁሌ አዲስ ልብስ ነው የምትለብሰው፤ ሲሰፋት «ይኼ ላስቲክ ለቀቀ» ትላለች። የሱቅ መስታወት ደግሞ የደንበኛ ነው። ከኋላ ቆማችሁ «ውይ ሲያምርብሽ» ትላላችሁ እንጂ የራሳችሁን መልክ የምታዩበት ፋታ የላችሁም። ትንሽ ቀነስ ማለቷን ሳታውቅ አትቀርም። ያን ያህል መሆኑን ግን ማን ነግሯት?

እንግዲህ የሰምሃል ሰርግ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሰምሃል የዘውዲ ልጅ ናት። ዘውዲ ደግሞ ለገንዘቤ ተራ ደንበኛ አይደለችም። ገንዘቤ ገና በፌስታል ስትዞር ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ የነበረች፣ ዘበኛው ሲመጣ እሷን ፋይል ክፍል የምትደብቅ የመቀሌ ልጅ ነበረች። ዛሬ የራሷ ድርጅት አላት፣ ልብስ ግን ከሌላ ሰው ገዝታ አታውቅም። ልጇ በጥር መጨረሻ ልታገባ ቀን ሲቆረጥ የሚዜዎቹን ቀሚስ ለገንዘቤ ሰጠች። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሳቲን። ልካቸውን ስትጠየቅ «ሦስቱ ገንዘቤ፣ ሁለቱ ቀነስ ያሉ፣ አንዷ ከነቦርሳዋ» አለች። ሜትር ያነሳ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ሜትር ማንሳት አለማመን ነው።

ገንዘቤ ኅዳር ላይ ጓንዡ ሄደች። የሚዜዎቹን ቀሚስ ብቻ ሳይሆን የጥርን ዕቃ በሙሉ አዘዘች። ጥር ለልብስ ነጋዴ የዓመቱ እስትንፋስ ነው። ዓቢይ ጾም ከገባ ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ቀሚስ ማን ይገዛል? ድሮ ብዙውን ዕቃዋን በመርከብ በጅቡቲ በኩል ነበር የምታስመጣው። ቀይ ባሕር ላይ ያ ሁሉ ችግር ከመጣ ወዲህ ግን መርከቡ መቼ እንደሚደርስ ባለመርከቡም የሚያውቅ አይመስልም። ሰርግ ደግሞ መርከብ አይጠብቅም ብላ ሁሉንም በአውሮፕላን አስጫነችው።

ዕቃው ለገና ዋዜማ ቦሌ ገባ። በዓሉ እንዳለፈ ሰምሃል ሚዜዎቿን ሰብስባ መጣች፣ ዘውዲም አለች፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። ካርቶኑ ሲከፈት ቀለሙ ራሱ ያሰክራል፤ ልጆቹ ተንጫጩ። የመጀመሪያዋ መጋረጃው ውስጥ ገባች። ቆየች። «እትዬ ገንዘቤ፣ እስቲ ዚፑን ያግዙኝ» አለች። ዚፑ ወገቧ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ከነቦርሳዋ የተባለችው ምስኪን ከጉልበቷ በላይም አልወጣላት። ገንዘቤ ከማንጠልጠያው ላይ ሌላውን ቀሚስ፣ ከዚያ ሌላውን እየነጠቀች ልጆቹን አስለካች። የጥር ዕቃ በሙሉ ጠባብ ነው።

ሰምሃል ማልቀስ ጀመረች። ዘውዲ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ካርቶኑ መለሰች። ይኼ ገንዘቤን ከልቅሶው የበለጠ እንደጎዳት ፊቷ ላይ አየሁ። ነገሩ የአንድ ሰርግ ብቻ አይደለማ። ሰው ገንዘቤ ዘንድ የሚመጣው አይኑን ጨፍኖ ስለሚገዛ ነው። ልኳ ተበላሸ ከተባለ ሱቁም ስሟም አበቃ።

ወዲያው ሁሉም ሊሊ ላይ ዘመተ። ተስፉ ከላይ ወርዶ «ጨርቅ ሰርቃሽ ነው፣ እኔ ድሮም ፊቷ አላማረኝም» አለ፤ ሴትዮዋን አይቷት እንኳ አያውቅም። ገንዘቤ ስልኳን አውጥታ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ የድምፅ መልእክት ላከች። ስድብም ነበረበት፣ ደግነቱ በአማርኛ ነው። ሊሊ ወዲያው መለሰች። የላከችው ፎቶ ነው። አሻንጉሊቱ ቆሟል፤ ጎኑ ተሸልቷል፣ እግሩ ሥር የስፖንጅ ክምር አለ። ከፎቶው ጋር የመጣው ድምፅ ደግሞ እኔም ሳልቀር የገባኝ ነው፤ ቀንሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ ትላለች።

ገንዘቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያኔ ነው ነገሩ ትዝ ያላት። ኅዳር ላይ በአሻንጉሊቱ የተቆረጠውን ቀሚስ ብትለብሰው ከትከሻዋ ላይ ወርዶባት ነበር። ስፖንጁ አብጧል፣ አሻንጉሊቱ ወፍሯል ብላ ተቆጣች። ሊሊ አይደለም ብትላት «ልኩ እኔ ነኝ ወይስ ስፖንጁ?» ብላ አፈጠጠችባት። ሊሊም ደንበኛ ናት ብላ መቀሷን አነሳች።

ገንዘቤ ተነስታ ከቀሚሶቹ አንዱን ይዛ መጋረጃው ውስጥ ገባች። ስትወጣ ዚፑ እስከ አንገቷ ተዘግቷል። በላይዋ ላይ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ይኼኔ ተስፉ፣ አፉ አያርፍ፣ «ውይ ገንዝዬ፣ ተመችቶ…» ሲል አላስጨረስኩትም።

«ተስፉ ዝም በል» አልኩት። «ገንዘቤ፣ ከስተሻል። በጣም ከስተሻል። ሕንጻው ሁሉ ካየ ቆይቷል።»

እኔን አየችኝ። ከዚያ ስንት ዓመት ሰው ስታሳይበት ወደኖረችው መስታወት ዞረችና ራሷን አየች፣ ረጅም ጊዜ። ማንም አልነገረኝም አለች፤ ለኛ ሳይሆን ለመስታወቱ። ታመሽ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃት ደህና ነኝ አለች። ዘውዲን ብቻ እጇን ይዛ «ልጅሽን አላዋርድም» ብላ ሁላችንንም አስወጣችን።

በነጋታው ሱቄን ገና ሳልከፍት በሩ ላይ ቆማለች። ፓስፖርትሽ ላይ ቪዛ አለ አይደል አለችኝ። አለ። ከተስፉ ጋር ሄጄ ጫማ ላመጣ ቪዛ አስመትቼ፣ አውሮፕላኑን ፈርቼ የቀረሁ ሴት ነኝ። የቻይናዎች አዲስ ዓመት ደርሷል አለች። ሊሊ ልትዘጋ ነው፣ ሰፊዎቿም ሻንጣቸውን አስረው አገራቸው ሊገቡ ነው፤ ጨርቁም ያለው እዚያው ብቻ ነው። ታዲያ ልጆቹን በሜትር ለክተሽ ቁጥሩን ላኪላት አልኳት። የልጆቹንማ ማታውን በየቤታቸው ዞሬ ለክቻለሁ አለች፤ የተቀረው የጥር ዕቃ ግን በአሻንጉሊቱ ነው የሚቆረጠው፣ አሻንጉሊቱ ደግሞ አልቋል።

«ለሊሊ ቁጥር ልኬ አላውቅም፣ ሰው ነው የምወስድላት» አለች። «ድሮ እኔ የነበርኩበት ልክ ላይ ዛሬ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ልኩራ ወይስ ልቀየም ግራ ገባኝ። ከላይ እስከ ታች ስታየኝ ደግሞ በግ የምትገዛ ነው የምትመስለው። ሄድኩ እንጂ፣ ምን አደርጋለሁ። አውሮፕላኑ ከቦሌ ሲነሳ ክንዷን ጨምድጄ አይኔን ጨፈንኩ፤ ክንዷ እጄ ውስጥ እንዴት እንደሳሳ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። እሷ ግን ስለ ሳቲን ዋጋ ስታወራልኝ አደረች።

ሊሊ ስፌት ቤቷ በር ላይ ተቀበለችን። ሰላምታም የለ፣ እንኳን ደህና መጣችሁም የለ። ቀጥታ የገንዘቤን ክንድ ያዘች፣ ወደ ላይ ወደ ታች አየቻት፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ አወራችለት። ስልኩ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ባለ አማርኛ «ታመሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኛ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስንት ወር ያላወጣነውን ቃል ያ ዕቃ አፈረጠው። ገንዘቤ እንደ ልማዷ ደህና ነኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አዎ» አለች። «የስኳር በሽታ አለብኝ።»

ስልኩ በቻይንኛ ጮክ ብሎ ደገመው። የስፌት መኪናዎቹ ቆሙ። አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ሰፊ ተነስታ የራሷን መቀመጫ አመጣችላት፣ ሌላዋ ሙቅ ውሃ ቀዳች። እኔ ግን ንዴቱም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ። በግድግዳ ተለጥፈን ኖረን ጓንዡ መጥቼ በቻይንኛ ልስማው? ብዬ ጮህኩባት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሙ ካልቀነስሽ እግርሽን ታጫለሽ እንዳላት፣ ብትቀንስ ደግሞ ሱቁን እንዳታጣ መፍራቷን፣ ታመመች ሲባል የሰው አይን እንዴት እንደሚለወጥ በሌሎች ማየቷን ነገረችኝ። ሊሊ ምንም ባይገባትም እስክንጨርስ ቆማ ጠበቀችን። ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ በጣቷ ወደኔ ጠቆመች።

ቀድሜ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ፦ ዚፖቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ሰፊዎቹ አውቶብሳቸውን ሊሳፈሩ ጥቂት ሲቀራቸው ነው የጨረሱት፤ ቀሚሶቹን በሻንጣ ይዘን ገባን፣ የተቀረው የጥር ዕቃ በካርጎ ተከተለን። ሰምሃል አገባች፣ ከነቦርሳዋ ያለችው ሚዜ ከሁሉ በላይ አመረባት፣ ዘውዲ ገንዘቤን አቅፋ ጭፈራው መሐል አስገባቻት። አሻንጉሊቱም ዛሬ በኔ ልክ ተሞልቶ ቆሟል። እኔ ግን ከሰርጉ ይልቅ የማልረሳው ከሊሊ ቤት በወጣን ቀን የበላነውን ምሳ ነው።

ጓንዡ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። የአገራችን ነጋዴ ሁሉ እዚያ ነው የሚገናኘው። ከአዲስ ዓመታቸው በፊት ዕቃ ለማውጣት ሁሉም ስለሚሯሯጥ ያን ቀን ጢም ብሎ ሞልቷል። ተስፉንም እዚያው አገኘነው፤ ሱፎቹን ሊያስጭን መጥቶ ነው። አብሮን ተቀመጠ። ገንዘቤ ከጎኗ ቆርሳ ጥቂት በላችና እጇን ሰበሰበች። ተስፉ እንደ ልማዱ ብይ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው፣ እያለ ሊያጎርሳት ሲል እጁን በቀስታ መለሰችው። አስተናጋጇ እንደ አገር ቤቱ ስኳሩ ገብቶ የተማሰለ ሻይ ለሁላችንም ደረደረች። ተስፉ ብርጭቆውን ወደ አፉ ወሰደ።

ገንዘቤ የሷን ብርጭቆ ለአስተናጋጇ መለሰችላት። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

«የኔ እመቤት፣ ለኔ ያለ ስኳር አምጪልኝ። ስኳር አለብኝ።»

ዙሪያችን ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ግማሹ የወሎ ሰፈር፣ ግማሹ የመርካቶ ነጋዴ ነው፤ ወሬው ከኛ ቀድሞ አዲስ አበባ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ተስፉ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠው፣ ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋው፣ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና አንዲት የክኒን እሽግ አውጥቶ አጠገቡ አኖረ። ገንዘቤ እሽጉን ታውቀዋለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ያው ነው።

ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው። ካንቺ በፊት አላት፤ አይኑን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሳ።

«ታዲያ በየቀኑ ከኛ ጋር የምትጠጣው ይኼ ሁሉ ስኳርስ?» አልኩት እኔ።

«እንዳታውቁብኝ ብዬ ነዋ» አለ ተስፉ።

ያ ቅቤ አንጓች ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ቆሞ ተመችቶሻል ሲላት የኖረው ለራሱ መስማት የሚፈልገውን ኖሯል። ገንዘቤ እጇን ዘርግታ የሻዩን ብርጭቆ ከፊቱ አነሳችና አስተናጋጇን ጠርታ ያለ ስኳር ያልኩሽን ሁለት አድርጊው አለቻት። ልጅቷ ልትሄድ ስትዞር ከጥግ ጠረጴዛ አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ ነጋዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሦስት አድርጊው።»